በፍቅር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠችው ልጅ

መጽሐፍ ማከራየት የጀመርሁት ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ ጋሼ ደምሴ ሱቅ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሙጫና መቀስ ሰጥተው የተገነጠለ ሽፋን አስለጠፉኝ። «ደንበኛ የጠየቀሽን ስጪ፤ ወሬ አታብዢ» አሉኝ። ወሬ ካልበዛበት ምኑን መጽሐፍ ቤት ሆነ!

ትምህርቴን ያቋረጥሁት በልጅነቴ ነው። የግሪኮችን የአማልክት ታሪክ ያወቅሁት እዚያው፣ ሽፋን እየለጠፍሁ፣ ከአንድ ቀጭን የልጆች መጽሐፍ ነው። ስሞቹ ይጠፉብኝ ነበር፤ ታሪኮቹ ግን አልጠፉም።

ዘሃራ ከሐይቁ ማዶ የቁንዝላ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ዓሣ ትሸጣለች። አንድ ቀን፣ ከእነዚያ ጥንታዊ ታሪኮች አንዱን እንደ አዲስ የሚተርክ ትርጉም ልብ ወለድ ተከራየች። በማግስቱ መለሰችው።

«እትዬ፣ ይኼ ለእንደኔ ዓይነት ሰው አይደለም። ማን የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አልገባኝም።»

ጋሼ ደምሴ ከት ብለው ሳቁ። «መጀመሪያ የአማልክቱን ስም በቃልሽ ያዢ! አለዚያ ዓሣሽን ሽጪ።»

ደሜ ፈላ። ደራሲው «አንባቢዎቼ ታሪኩን ያውቁታል» ብሎ ከመሐል ጀምሮ፣ ጥፋቱ የእሷ ሊሆን ነው? ልትወጣ ስትል በርጩማ ሳብሁላት።

«ስሙን ለጊዜው ተይው። እህል የሚበቅለው በአንዲት እናት ፈቃድ ነበር። ልጇ አበባ ስትለቅም የሙታን ንጉሥ በሠረገላ መጥቶ ይዟት ምድር ውስጥ ገባ። እናቲቱ ተቆጥታ እህል ከለከለች።»

«ሽማግሌ አልላኩም?»

«አማልክቱ መልክተኛ በመልክተኛ ነው የላኩባት! ልጅቱ ግን እዚያ ሮማን ቀምሳለች፤ የሙታንን ምግብ የቀመሰ ጨርሶ አይመለስም። ስለዚህ የዓመቱን ከፊል ከእናቷ፣ ከፊሉን ከሰውየው ጋር እንድትኖር ተፈረደ።»

ዘሃራ መሬት መሬት አየች። «እህቴንም እንዲሁ ነው የወሰዷት። ከዚያ ታረቁ ተባልን። እሷን የጠየቃት የለም።»

መጽሐፉን እንደገና ወሰደችው። ጨርሳው ስትመጣ ገና ከበሩ ጀመረች፦ «እትዬ፣ እዚህ ውስጥ እኮ የምትናገረው ልጅቱ ራሷ ናት!» ወዲያው መጽሐፉ የሚቀመጥበትን መደርደሪያ አየች። ጋሼ «ፍቅር» የሚል ወረቀት ለጥፈውበታል። «እዚህ ነው የምታስቀምጧት?»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ጠለፋ ነው» አልኋቸው።

«ፍቅር ካልተባለ ማን ይወስደዋል!» አሉና መጽሐፉን ከዘሃራ ተቀብለው እዚያው አስቀመጡት።

አወረድሁት። መልሰው ሰቀሉት። ደግሜ አወረድሁት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከሥራ አስወጣሻለሁ!»

«ያስወጡኝ። እዚያ ግን አይቀመጥም።»

ዘሃራ ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ የእርስዎን ልጅ ቢወስዱብዎ ፍቅር ነው ይሉ ነበር?»

ጋሼ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው መስኮቱ አጠገብ፣ ምንም ባልተጻፈበት መደርደሪያ አቆሙት። ዘሃራ ሌላ መርጣ ወጣች።

ለጀማሪ አንባቢ መጀመሪያ ጥንታዊውን ታሪክ ያለ ስም ንገሩት። ስሙን ቀጥሎ ይይዘዋል። ታሪኩን እንደ አዲስ የሚተርከውን መጽሐፍ ከዚያ ስጡት፤ ምኑ እንደተለወጠ ራሱ ያየዋል።