«በሞቴ» ስላት ልጄ የሰማችው

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ 2024 መሆኑ ነው፣ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። በወረቀት ግን ሰማንያ ነኝ። አሜሪካ ስንመጣ ፎርም የሞላልኝ ሰውዬ የትውልድ ዘመኔን ከኛ አቆጣጠር እንዳለ ገልብጦ ጻፈው፤ እኔም እስካሁን አላስተካከልኩትም። ሐኪሞቹ «ለሰማንያ ዓመት ሰው ጠንካራ ነዎት» ሲሉኝ ዝም እላለሁ።

የዚያን ዓመት ግንቦት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ውስጥ ሰው ፊት ትናገራለች ተብዬ ሄድኩ። ያለችን እሷው ብቻ ናት። በአምስት ዓመቷ ነው ዲቪ ደርሶን ከእናቷ ጋር ይዤያት የመጣሁት፤ አሁን ሠላሳ አራት ሞልቷታል። መጽሐፍ ጽፋለች፤ ገና አልታተመም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የፓርኪንግ እንግሊዝኛ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ሃያ ሁለት ዓመት ቲኬት ስቀበል የለቀምኩት። ቲኬቱ የጠፋበትን ሰው እመልስለታለሁ፤ መጽሐፍ ግን አይገባኝም። አማርኛውንም ቢሆን ዳዊት ሳልደግም ነው ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁት።

በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምን እንደሚል ጠየቅኋት።

«ጥቁር ጸሐፊዎች ከቤታቸው ምን ይዘው እንደወጡ ይናገራሉ ነው የሚለው» አለችኝ።

«አንቺ ሐበሻ አይደለሽም እንዴ?»

«ሐበሻም ጥቁርም ነኝ አባዬ። ፖሊስ መኪናዬን ፑል ኦቨር ብሎ ሲያስቆመኝ የትኛዋ ነሽ ብሎ አይጠይቀኝም።»

ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ።

መድረኩ ላይ አራት ሆነው ተቀምጠዋል። አንድ ጸጉሩ የሸበተ፣ የአሜሪካ ደቡብ ተወላጅ የሆነ ጥቁር ሰው መጀመሪያ ተናገረ። ምን እንዳለ አላወቅሁም፤ ሲናገር ግን ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አሳየን። ከዚያ የልጄ ተራ ደረሰና ከመጽሐፏ ማንበብ ጀመረች። በእንግሊዝኛው መሃል «በሞቴ» ስትል ሰማሁ። ጆሮዬ ቆመ። ትንሽ ቆይታ ደገመችው፤ ሰው ሳቀ። ሦስተኛ ጊዜ ስትለው ግን የሳቀ የለም። ከፊቴ ያለችው ፈረንጅ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

አጠገቤ አንዲት የኛ ሴት ነበረች። «ምንድነው የምትለው እመቤቴ?» አልኳት።

«አባቷ ሲያጎርሳት ‹በሞቴ› ይላት ነበር። እሷ ደግሞ ካልበላሁ ይሞታል ብላ ነው ያመነችው» አለችኝ በሹክሹክታ። «አንድ ቀን ጠገብኩ ብላ መለሰችበት። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ልቡን ታሞ ሆስፒታል ገባ። እኔ ነኝ የገደልኩት ብላ... ኧረ እንዲያው ሆዴን በላችው። ሰውዬውስ ምን ነክቶት ነው ሳያስረዳት የቀረ?»

ፊቴን ወደ መድረኩ መለስኩ።

«ሰውዬውን ያውቁታል እንዴ?»

«በመልክ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የተባለውን አላስታውስም።

ነገሩ እውነት ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴ ሆስፒታል ጽዳት ትሠራለች፣ ናይት ሽፍት ስለነበረች ማታ ማታ ቤት የለችም። የልጄ ራት በኔ ላይ ነው። ልጅቷ ቀጭን፣ እህል የማይወርድላት ነበረች። እንቁላል ፍርፍር እሠራና «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እላለሁ። ያን ማታም እንዲሁ አልኩ። አፏን ገጥማ ፊቷን አዞረች። «ተይው እንግዲህ» ብዬ ራሴ ጎረስኩት። በሦስተኛው ቀን ፓርኪንግ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ደረቴን ጨመደደኝ፤ በአምቡላንስ ወሰዱኝ። የልቤን ደም ስር ከፍተው ሽቦ ነገር አስገቡልኝና በሳምንቱ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ልጄ ጉርሻ መልሳብኝ አታውቅም። እኔ ልብ ገዛች ብዬ ነው ደስ ያለኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እፎክር ነበር። «የኔ ልጅ እህል አትመልስም፤ እዚህ አገር ያደገች አትመስልም» እላቸዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ልጆቻቸውን እየገሰጹ «እሷን እዩ» ይሉ ነበር።

በመኪናዋ ወደ አሌክሳንድሪያ ስትመልሰኝ ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ እስክንገባ አልተናገርኩም።

«አንድ ነገር በለኝ አባዬ» አለችኝ።

«ተሳስተሻል» አልኳት። «በሞቴ ማለት እባክሽ ማለት ነው። ሞት የለበትም።»

«ቃሉ ውስጥ አለ እኮ።»

«ቃሉ ውስጥ ይኑር፤ ስንናገረው ግን የለም።»

«አሁንማ አውቃለሁ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ማን ነገረኝ?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

መስታወቷን አየችና መስመር ቀየረች። «ብጠይቅህና እውነት ቢሆንስ?» አለችኝ።

ወሬ ለመቀየር ስለ ደቡቡ ሰውዬ ጠየቅኋት፤ እጁን ያነሣው ለምን ነበር አልኳት። ልጅ ሆኖ ከቤት ሲወጣ እናቱ በሩ ላይ ቆማ «እጅህን ከኪስህ አውጣ» ትለው ነበር አለችኝ። እሱ ለጨዋነት መስሎት ነበር። ጎልምሶ ነው የገባው፤ ፖሊሶች ኪሱ ውስጥ መሣሪያ አለ ብለው እንዳይተኩሱበት ኖሯል። አሁን መጽሐፍ ሲጽፍ የሰው እጅ የት እንዳለ ሳይናገር አያልፍም አለችኝ።

«እናቱስ እውነቷን ነው። የሚያስፈራ ነገር ስላለ አስፈራራችው» አልኩ። «እኔ በምን አስፈራራሁሽ? በእንቁላል ፍርፍር።»

ሳቀች፤ ቶሎ ግን ተወችው። «የመጨረሻውን ፋይል ነገ እስከ ቀትር መላክ አለብኝ። ከዚያ በኋላ ይታተማል፣ አይነካም። የበሞቴን ታሪክ ከመጽሐፉ አውጪው ካልከኝ አወጣዋለሁ። ኦኬ? እውነቴን ነው።»

«አውጪው» ልል አፌን ከፈትኩ። «አስብበታለሁ» ብዬ ወረድኩ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ቆማ አዳመጠችኝና መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እኔ አለሁበት?» ብላ ነው።

«ሥራ ላይ ነሽ።»

«እንኳንም ሥራ ላይ ሆንኩ።» ከዚያ ቁጭ አለች። «ያኔ አንተ ሆስፒታል እያለህ ልጅቷ ቆሎ ሳይቀር እየቆጠረች፣ አንድ ሳታስቀር ትበላ ነበር። ምን ነካት ብዬ ጠይቄያት ‹ምንም› አለችኝ። እኔም ደክሞኝ ነበር፤ ተኛሁ።»

«ከመጽሐፉ ታውጣው አይደል?»

«እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? እምቢ ማለት የምትችለው አንተ ነህ፤ ዕድሜ ልክህን እምቢ ስትል የኖርክ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ምን ጊዜ አለው? ሁሉም ሁለት ሥራ ነው የሚሠራ።»

እሷ ቀለል አደረገችው። እኔ ግን አልቀለለኝም። ልጁን በሞት እያስፈራራ ያሳደገ ሰውዬ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። በኋላ ሳስበው ያ ትንሹ ፍርሃት ነው። የባሰው፣ ስፎክርባት የኖርኩት ነገር ነው። እነዚያ ዓመታት ሁሉ እያንዳንዷን ጉርሻ እኔን ለማቆየት ስትውጥ እኔ «ደግሞ አንድ» እያልኩ እስቅ ነበር። ይህን ከመጽሐፍ ባስወጣው ከሷ አይወጣም። እኔ ብቻ ነኝ የማርፈው። ይሄ ገብቶኝም ቢሆን «አውጪው» የምትለው ቃል ምላሴ ላይ አደረች።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ባለቤቴ ቅዳሴ ስትሄድ እኔ ቀረሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ለልጄ ደወልኩላት።

«ታሪኩ ይቆይ፣ አታውጪው» አልኳት። «ግን ያላወቅሽው አለ።»

«ምን አባዬ?»

ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። እኔን ማንም በሞቴ ብሎኝ አያውቅም። ደሴ አክስቴ ቤት ነው ያደግሁት፤ እዚያ ቤት በሞቴ የሚባለው ለእንግዳ፣ ለዳኛ፣ ለንስሐ አባት ነበር። ልጅ ግድግዳ ተደግፎ ይቆምና የተረፈውን ይበላል። በቃኝ ብል እሰየው ይሉ ነበር። ልጅ ሲወለድልኝ እንደ ዳኛ በሞቴ እያልኩ አጎርሳታለሁ ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። እና እንዲያ አደረግሁ።

ከዚያ የኮምፒውተሯን ቁልፎች ስትመታ ሰማሁ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየጻፍኩ ነው። ከግድግዳው ጀምረህ ድገምልኝ፤ አምልጦኛል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ቀስ እያልኩ ከመጀመሪያው ደገምኩላት።