በኮባ የተጠቀለለችው ጦር

ከዱራሜ የተነሳሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። የምሄደው ድሬዳዋ ነው፤ ጉዳዬም ጦር መወርወር። የምትስቁ ሳቁ፤ እኔ ስቄ ጨርሻለሁ። የሁለተኛ ደረጃ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በጦር ውርወራ ለሸዋ ክፍለ ሀገር ቡድን ተመርጫለሁ። የአውራጃው የስፖርት ኃላፊ ቃል ገብቶልኛል፤ «አንቺ ብቻ ከአንድ እስከ ሦስት ውጪ፤ የአዲስ አበባ ዝውውርሽን ለእኔ ተይው» ብሎኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩት ለዚህ ዝውውር ነበር።

ዱራሜ ክፉ አልሆነችብኝም። እውነቱን ለመናገር ሰዉ ደግ ነው። ግን መምህራን ክፍል ውስጥ በከምባትኛ ሲሳሳቁ ቆይተው እኔ ስገባ፣ ለእኔ ክብር ሲሉ ወደ አማርኛ ይዞራሉ፤ ሳቁ እዚያው ይቆማል። «ምን ነበር ያሳቃችሁ?» ስል «ኧረ ምንም አይደለም፣ ተጫወቺ» ይሉኛል። ከማን ጋር ነው የምጫወተው? ከትምህርት በኋላ ሜዳ ወርጄ ጦሬን እወረውራለሁ። ኳስ ቢሆን የሚመልስልኝ ሰው ይኖር ነበር፤ ጦር ግን ወርውሬ፣ ራሴው ሄጄ ነቅዬ ይዤ እመለሳለሁ።

የተከራየሁት እማማ ማርታ ግቢ ነው። በተነሳሁበት ጠዋት ለጋ ቅቤ የያዘች ቅል ይዘው ደጄ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። «ሩቅ የሚሄድ ሰው አናቱ ቅቤ ይቀባል። የእኛ አገር እንዲህ ነው።»

«እማማ! ፀጉሬን ትናንት ነው የታጠብኩት። አውሮፕላን ላይ ቅቤ ቅቤ ልሸት ነው እንዴ?»

«አውሮፕላን ቅቤ አይወድም?»

«ኧረ አይወድም!»

ቅር አላቸው፤ ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ፤ ግን አልጎተጎቱኝም። «እሺ፣ ዕቃሽን ልጠቅልልልሽ» ብለው ጦሬን ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱ። ሻይ ጠጥቼ ሻንጣዬን እስክቆልፍ ጦሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንሰት ኮባ ተጠቅልላ፣ በቃጫ ተጠፍራ መጣች። እሳቸው ቤት ቅቤውም፣ አይቡም፣ የገበያ ዕቃውም የሚጠቀለለው በኮባ ነው፤ ለጦሬም ሌላ መጠቅለያ አላሰቡላትም።

«ካሸነፍሽ አትመለሺም ማለት ነው?» አሉኝ በሩ ላይ።

«ለዕቃዬ እመለሳለሁ፣ እማማ።»

«ለዕቃ» አሉ። ከዚያ ጉንጬን ሳሙኝ።

ከዱራሜ እስከ ሆሳዕና

የዱራሜ አውቶቡስ ረዳት ጥቅሉን ጣሪያ ላይ ልሰረው ብሎ ሞገተኝ። አልሰጥም አልኩ። ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ነገር መተላለፊያው ላይ አጋድሜ፣ ጫፉን በጉልበቴ ደግፌ ተቀመጥኩ። የሚወጣው ሰው ሁሉ እግሩን እያነሳ ይሻገረዋል።

ዳምቦያ የገበያ ቀን ነበር። ዶሮ የያዙ ሴቶች ገቡና አንዷ ጥቅሉን መታ መታ አድርጋ «ሸንኮራ ነው?» አለችኝ። ሌላዋ «የቤት ማገር ነው እንጂ» አለች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «የቄስ መቋሚያ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ወሬው ወደ ከምባትኛ ዞረ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ያልገባኝን ሳቅ አብሬ ሳቅኩ። እንዲህ ያለው ሳቅ ካለመሳቅ የበለጠ ሆድ ያስብሳል።

አንጋጫን አልፈን ሆሳዕና የገባነው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። መናኸሪያው እንደ ልማዱ ነው፤ ተሸካሚው ይጮኻል፣ ትኬት ሻጩ እጅ ይጎትታል። ሻይ በዳቦ ጠጥቼ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ወጣሁ። የመመረጫ ደብዳቤዬ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ኖሯል። ቡድኑ እሁድ ዕለት ከአዲስ አበባ በባቡር ሄዷል። «ለዚህ ነው በአውሮፕላን የምንልክሽ» አለኝ ጸሐፊው፣ ስጦታ እንደሰጠኝ ሁሉ ፈገግ ብሎ። የይለፍ ወረቀቴ ላይ ማኅተም መታና «ጓድ፣ አደራ፣ አሸንፊልን» አለኝ። አልጋ በሦስት ብር ይዤ አደርኩ።

አዲስ አበባ

የቡታጅራ መንገድ ጠጠር ነው፤ ቀኑን ሙሉ አናወጠን። ሁለት ኬላ ላይ ወረድን። ሁለቱም ላይ ፈታሾቹ ጥቅሉን ዳበሱ፣ ደብዳቤዬን አነበቡ፣ እንደገና ዳበሱ።

ጉለሌ ወንድሜ ቤት ደረስኩ። ዝውውር ሳስብ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣልኝ ይህ ቤት ነበር። የወንድሜ ሚስት በሩን ከፍታ አቀፈችኝ፤ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «መቼ ነው የምትመለሺው?» አለችኝ። ክፋት የላትም። የድሮ ክፍሌን አሁን ሦስት ልጆች ይተኙበታል፤ እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ጋደም አልኩ። ወንድሜ «ዱራሜ ተስማማሽ አይደል? አየሩ ጥሩ ነው ይባላል» አለኝ። «ጥሩ ነው» አልኩት። የዝውውሩን ነገር ላነሳለት ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ቦሌ

ወረፋው ላይ ከፊቴ የነበሩት ሰዎች ቦርሳቸውን ከፍተው አለፉ። የእኔ ተራ ደረሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ፈታሹ።

«ጦር።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ጥቅሉን አየ። ከኋላዬ የቆመው ሰው አንድ እርምጃ ሸሸ። በዚያን ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ «ጦር ይዣለሁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«የስፖርት ነው! ደብዳቤ አለኝ! ማኅተምም አለው!»

«ፍቺው።»

ቃጫውን ከጫፉ በኩል ፈታሁ። መጀመሪያ የብረቱ ሹል ብቅ አለ። ቀጥሎ እኔም የማላውቀው ሌላ ጥቅል ዱብ አለ። ፈታሹ ከፈተው። ቆጮ ነው፤ አጠገቡም አይብ።

«ስንቅና ትጥቅ በአንድ ላይ!» አለ ፈታሹ፤ ወረፋው በሙሉ ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እማማ ማርታ ሳይነግሩኝ ነበር የሰነቁልኝ።

ጭነት የሚያነሳ አንድ ጎልማሳ ቀረብ አለና ኮባውን በጣቱ ዳሰሰ። «እህቴ፣ ከሆሳዕና በኩል ነሽ?»

«ከዱራሜ።»

«አጠቀላለሉን አይቼ አውቄዋለሁ። እናቴም እንዲህ ነበር የምታስረው።» ፈታሹን ለመነልኝ፤ ጫፉን መልሶ ጠቀለለው፤ ቋጠሮውንም እማማ ማርታ እንዳሰሩት አድርጎ ቋጠረው። «ቅቤ ቅቤ ይሸታል» አለ እየሳቀ።

«የቆጮው ይሆናላ» አልኩት።

ጦሬ ከጭነት ጋር ገባች፤ እኔ ከሰው ጋር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በረርኩ። አስተናጋጇ ከረሜላ ሰጠችኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ገና ሳንነሳ እንቅልፍ ወሰደው። ከታች አዋሽን ሳይ «እየው! እየው!» ልለው እጄን አንስቼ ነበር፤ መልሼ ጭኔ ላይ አሳረፍኳት። ቆጮዬን ቆርሼ ብቻዬን በላሁ። ያን ቀን እንደዚያ ቆጮ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ድሬዳዋ

በሩ ሲከፈት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ጦሬ ከሁሉም ዕቃ በኋላ መጣች፤ ኮባው ጠውልጎ፣ ከታች በኩል ረጥቦ። የአይቡ ውኃ መሰለኝ። ቡድኑ ያረፈበት ትምህርት ቤት ስደርስ ልጃገረዶቹ አብረው ባቡር ላይ አራት ቀን የኖሩ ይመስል ተዋውቀው፣ በቅጽል ስም ሲጠራሩ አገኘኋቸው። ጥግ ላይ አንድ ፍራሽ አሳዩኝ።

ውድድሩ በማግስቱ በአራት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ኮባውን ሜዳው ዳር ፈታሁ። ስሜ ተጠራ፤ ተንደረደርኩ፤ ክንዴን ወደ ኋላ ሳብኩ፤ ወረወርኩ። ጦሬ ከእጄ እንደ ዓሣ ሙልጭ ብላ ወጣች፤ ዝቅ ብላ ሄዳ በሆዷ ወደቀች። ዳኛው አልቆጠረልኝም።

እጄን አየሁት። መዳፌ ያብረቀርቃል። አሸተትኩት። ቅቤ!

መያዣው ላይ የተጠመጠመው ገመድ ቅቤውን እስኪበቃው ጠጥቷል። አናቴን እምቢ ባልኳቸው ጊዜ ጦሬን ቀብተዋታል፤ ጓሮ ይዘዋት የሄዱት ለዚሁ ነው። ዱራሜ ብርድ ላይ ረግቶ የቆየው ቅቤ ድሬዳዋ ላይ ቀለጠ። በነጠላዬ ጠረግኩት፤ አሸዋ አሸሁበት። ፀሐይዋ ደግሞ ከገመዱ ሥር እያቀለጠች ታወጣዋለች። በጣም ተናደድኩ፤ ላልቅስ ወይስ ልሳቅ አላውቅም። «እማማ ማርታ፣ ጉድ ሠሩኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ዞሮ ያየኝ ሰው የለም።

አሥር እርምጃ አልፎ የቡድኔ ልጆች ሌላ ጦር ይዘው ተቀምጠዋል። «አውሱኝ» ማለት ነበረብኝ። ግን የአንዷንም ስም አላውቅም፤ ማንን ብዬ ልጥራ? ሦስት ዓመት ራሴ ወርውሬ ራሴ የማመጣ ሰው፣ መለመን ጠፋብኝ። በራሴው ጦር ቀጠልኩ። በመጨረሻው ውርወራ እጄን በአሸዋ ሞልቼ በደህና ሰደድኳት። ሄደች፣ ሄደች፣ ተተከለች።

አራተኛ ወጣሁ። ከሦስተኛዋ የተበለጥኩት በአንድ ክንድ ነው።

መልስ

በመልሱ በረራ መስኮት ጋ ተቀመጥኩ፤ አዋሽን ግን አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቦሌ ላይ ያ ጭነት የሚያነሳው ሰው ጦሬን ራቁቷን አይቶ «ኮባው የት ሄደ?» አለኝ። «ደረቀ» አልኩት። ጉለሌ ሳላድር መናኸሪያው አቅራቢያ አልጋ ያዝኩ፤ ወንድሜ ቤት ሄጄ «መቼ ነው የምትመለሺው?» የሚለውን ጥያቄ ደግሜ መስማት አልፈለግኩም። ሆሳዕና ስደርስ ወደ ጽሕፈት ቤቱ አልወጣሁም። የእኔ አራተኝነት ከእኔ ቀድሞ በስልክ ደርሶ ይሆናል።

ከሆሳዕና ዱራሜ በሚወስደው አውቶቡስ ላይ ጦሬን ለረዳቱ ሰጠሁት፤ ጣሪያ ላይ አሰራት። አሁን ምን ይደርስባታል? አንጋጫን ስናልፍ ዝናብ ጀመረ። መንገዱን ሙሉ ለእማማ ማርታ የምለውን አዘጋጀሁ። ተቆጥቼ፣ «በእርስዎ ቅቤ ነው የቀረሁት» ልላቸው ወስኜ ነበር። እውነትም ነው።

ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። አቀፉኝ፤ ከዚያ ጦሬን ከእጄ ተቀብለው ገመዱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ቀባኋት። ተቆጣሽ?» አሉኝ። «አንቺ አናትሽን እምቢ አልሽ። ያለ ቅቤ እንዴት ትሄጃለሽ? ሰው የለሽም ወይ? ቅቤው በጀሽ?»

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «በጀኝ» አልኩ።

ፊታቸው ወደቀ። «እንግዲያስ አሸነፍሽ። ልትሄጂ ነው።» ጦሬን ግድግዳው ላይ ቀስ ብለው አስደገፏት። «ደግ። እግዜር ደግ አደረገ። ዕቃሽን እኔ እጠቀልልልሻለሁ።»

ካሸነፍኩ እንደምሄድ ያውቁ ነበር። እያወቁ ነው እንዳሸንፍ የቀቡልኝ። ወንድሜ ቤት ሶፋ ላይ ተጋድሜ ያላገኘሁት ነገር እዚህ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

«አልሄድም፣ እማማ። አራተኛ ነው የወጣሁት።»

«አራተኛ?» ግራ ገባቸው። ጦሯን አዩ፤ እኔን አዩ። «ታዲያ ቅቤው?»

ምን ልበላቸው? ሻሼን ፈታሁና ደጃፉ ላይ ካለችው ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ አናቴን ዝቅ አደረግኩላቸው።

«ቅቤው አንሶ ነው» አልኳቸው።

በከምባትኛ አንድ ነገር አሉና ሳቁ። ምን እንዳሉ አልጠየቅኳቸውም። ቅሉን ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ።