ባሕሩ እንዴት አደረ?

ልጅ ሳለሁ፣ መተማ ላይ፣ ቤተሰባችን አንድ ዓሣ ከሙቀት ለማዳን ሲታገል የከረመበት በጋ ነበር። የወንዝ ዓሣ አይደለም፤ የባሕር ነው፣ በጨው ውሃ የሚኖር። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስናገር ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ እኔም ራሴ ትዝታዬን የምጠራጠርበት ጊዜ አለ። በእኔ ትውስታ ዓሣው ሰማያዊ ሆኖ ጅራቱ ብቻ ቢጫ ነው። ታላቅ እህቴ የሺ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነበር ብላ ትከራከረኛለች። እናታችን ስትጠየቅ፣ «ዓሣ ነዋ፤ የዓሣ መልክ ነበረው» ብላ ትገላግለናለች። መኖሩን ግን ሦስታችንም አንክድም።

አባቴ የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር፤ የከተማው ሰው ነጭ ጋወን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ስለሚል እሱም «ዶክተር» ነበር። ሰሊጥ ጭኖ ወደ ፖርት ሱዳን የሚመላለስ አንድ ሾፌር ወባ ጥሎት ሳለ አባቴ ደሙን መርምሮ በጊዜ ደረሰለት። ሾፌሩ ሲድን፣ «ከዚያ ማዶ ምን ላምጣልህ?» ብሎ ጠየቀው። ባሕር አይቶ የማያውቀው አባቴ በቀልድ፣ «ባሕር አምጣልኝ» አለው። ሰውየው ቃሉን እንዳለ ወሰደው። በሚቀጥለው ጉዞ በቢጫ ጀሪካኖች የባሕር ውሃ፣ በአንድ ባልዲ ደግሞ መዳፍ የምታህል ዓሣ ይዞ ደጃችን ቆመ። ረዳቱ መንገዱን ሁሉ ውሃውን በጣሳ እየቀዳ፣ ከፍ አድርጎ መልሶ እያፈሰሰ፣ አየር ሲሰጠው እንደመጣ ነገረን። የብየዳ ቤት ልጆች የመስኮት መስታወትና ብረት ገጣጥመው ገንዳ ሠሩለት፤ ከድንበሩ ማዶ ካለችው ከጋላባት ገበያ አንዲት ትንሽ የአየር መንፊያ ተገዛች። ስሙን የሺ አወጣችለት፤ ባሕሩ።

እናቴ የደባርቅ ልጅ ናት፤ ሙቀቱን ፈጽሞ አልለመደችውም። ታናሽ ወንድማችን ያኔ ጡት ይጠባ ነበር፤ አንገቱና ጀርባው በሙቀት ሽፍታ ተወርሶ ሲያለቅስ ይውላል። እሷም ሕፃኑን ይዛ ወደ እናቷ አገር እንደምትመለስ ማውራት ጀምራ ነበር። አባቴ ሥራውን፣ እኔና የሺ ትምህርታችንን ጥለን መሄድ አንችልም፤ ቤቱ ለሁለት ሊከፈል ነው። ዓሣው ገንዳው ውስጥ የገባ ዕለት እጇን አጣምራ አየችውና፣ «እኛ ያልቻልነውን ይኼ ሊችለው?» አለች።

«ይችላል። ክረምት ያያል» አለ አባቴ።

«እንግዲያው እሱ ክረምት ካየ እኔም አያለሁ። ከሞተ ግን፣ በማግስቱ መናኸሪያ ፈልጉኝ።»

በቀልድ ትበለው በምር፣ ቃሏም በትክክል ይህ ይሁን አይሁን፣ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ያኔ ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባሕሩን ማኖር ለእኔ እናቴን ማኖር ነበር።

ገንዳውን ከቆርቆሮው ሳሎን አውጥተን ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ወደሆነው ጓዳ አስገባነው። የሰሊጥ ጆንያ ነክረን በሦስት ጎኑ አለበስነው፤ ጫፉ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ስለተዘፈዘፈ ሳይደርቅ ይውላል። የእርጥብ ጆንያ፣ የሰሊጥ ቅባትና የጨው ሽታ ተደባልቆ ጓዳውን ሞላው፤ ይህ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። የገንዳውን ክዳን አንስተን ማራገቢያውን ወደ ውሃው አዞርነው። ከለስላሳ መሸጫው በረዶ ስናገኝ በፌስታል ቋጥረን እንጥልበታለን። አባቴ ሙቀቱን ለማወቅ የበሽተኛ ትኩሳት መለኪያ አምጥቶ ነከረ፤ ሜርኩሪው ግን ከሠላሳ አምስት በታች ቁጥር የለውም። «ይኼ የሚናገረው ዓሣው ከተቀቀለ በኋላ ነው» ብሎ ወደ ኪሱ መለሰው። እናቴ ሕፃኑን ስታጥብ እንደምታደርገው ክርኗን ብቻ ነከረች። «ለልጅ ገላ ይሆናል፤ ለዚህ ግን በዝቷል» አለች። ከዚያ በኋላ መለኪያችን የእሷ ክርን ሆነ።

ጎረቤታችን አያ ጌጡ የትራክተር ኦፕሬተር ነበሩ፤ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ሳያስገቡ አያድሩም።

«ዶክተር፣ ሽንኩርቱን እኔ ላምጣ ወይስ ቤት አለ?»

«አያ ጌጡ፣ ክረምት ሲገባ ይጠይቁኝ።»

«ክረምት? ኧረ ይኼ ሰው! እኔስ ክረምቱን የማየው መስሎሃል?»

እየሳቁ ቢሄዱም በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ባሕሩ እንዴት አደረ?» ነበር። ቀስ በቀስ ሠፈሩ ሁሉ እንደዚያ ሰላም ይለን ጀመር።

ስሕተትም ሠርተናል። ሙቀቱ ውሃውን ስለሚያተነው ገንዳው በየቀኑ ይጎድል ነበር፤ እኛም የባሕር ነው ብለን ከጀሪካኑ የባሕር ውሃ እንጨምርበታለን። ባሕሩ የገንዳው ጥግ ላይ ተለጥፎ መዋኘት ሲያቆም ሙቀቱ ነው ብለን ጆንያ ላይ ጆንያ ደረብን። አባቴ የመስታወቱን ጠርዝ የከበበውን ነጭ መስመር ሲያይ ቆይቶ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ፤ ፊቱ ተጨማደደ። «የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው ለካ፤ ጨውማ እዚሁ ነው!» ብሎ በራሱ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የጎደለውን የምንሞላው በመጠጥ ውሃ ሆነ፤ ዓሣውም ተመልሶ መዋኘት ጀመረ።

ከዚያ ግንቦት ላይ መብራት ጠፋ፤ ለቀናትም አልመጣም። መንፊያዋ ዝም አለች፣ ማራገቢያው ቆመ፣ በረዶም ከከተማው ጠፋ። እኔና የሺ ከትምህርት ቤት እየሮጥን መጥተን በካርቶን እናራግባለን፤ አንዳችን ሲደክመው ሌላው በጣሳ እየቀዳ ያፈሳል። ክንዴ ሲዝል እናቴ ሕፃኑን አዝላ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ይታየኝና እንደገና እበረታለሁ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ባሕሩ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ሲያቃስት አገኘነው። የሚያቃስት ዓሣ የለም ትሉኛላችሁ፤ እኔ ግን የሰማሁ ይመስለኛል። እናቴ መጥታ ክርኗን ነከረች፤ ፈጥና አወጣችው። ወደ ራኩባው፣ ደጅ ወዳለው የሣር ዳስ፣ ሄደች።

ራኩባው ሥር ዚሯ ቆሞ ነበር። ዚር ከሱዳን በኩል የሚመጣው ትልቁ የሸክላ የውሃ ዕቃ ነው፤ ገላው ያልበዋል፣ በማላቡም ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። እናቴ መተማ ላይ ያላማረረችው ነገር ዚሯን ብቻ ነበር። ያንን ቀዝቃዛ ውሃ በድስት፣ በባልዲ፣ ባገኘችው ሁሉ ትገለብጥ ጀመር።

«እማዬ፣ ምን ልንጠጣ ነው?» አለች የሺ።

«የሞቀ ውሃ ሰው አይገድልም። ያዙልኝ ይልቅ!»

የገንዳውን ውሃ በባልዲ እያመላለስን ዚሩን ሞላን፤ ባሕሩንም በጣሳ አስገባነው። ከዚያ ዚሩን ከውጭ እናራግበው ጀመር። ውሃው ቀስ እያለ ቀዘቀዘ።

አባቴ ከሥራ ሲመለስ እንደ ልማዱ ኩባያ ይዞ በቀጥታ ወደ ዚሩ ሄደ። «ተው አባዬ፣ ባሕሩ አለበት!» ብላ የሺ ስትጮህ ጎርሶታል። ተፍቶ፣ አስሎ፣ ክዳኑን አንስቶ ወደ ጨለማው አየ። ከዚያ እናቴን አያት።

«ዚርሽን?» አለ ቀስ ብሎ። ጨው የገባበት ዚር ዳግመኛ ለመጠጥ እንደማይሆን ሁላችንም እናውቃለን።

«እና ምን ላድርግ? ከባሕር ድረስ የመጣ እንግዳ በእኔ ቤት አይሞትም» አለችው፤ ፊቷን ወደ ሕፃኑ አዙራ።

ከዚያ ወዲያ ባሕሩን አናየውም። መስታወቱ ያሳየናል ግን ያሞቀዋል፤ ሸክላው ያቀዘቅዘዋል ግን ይሰውርብናል። የተፈጨ ደረቅ ዓሣ እንጥልና ውሃው «ቡልቅ» ሲል ሰምተን እንደሰታለን። መልኩ ላይ እኔና የሺ የማንስማማው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። ጨው በሸክላው አልፎ ዚሩን ከውጭ ነጭ በነጭ ሲያደርገው አያ ጌጡ፣ «ዚሩም ሸመገለ» ብለው ሳቁ። እናቴ በሳምንቱ በአህያ ጋሪ አዲስ ዚር አስመጣች፤ የጭቃ ጣዕሙ እስኪለቅ እየሞላች ስትደፋ ሰነበተች። እኛ ውሃው አፈር አፈር ይላል ብለን ስናማርር፣ የምትሄድ ሴት አዲስ ዚር እንደማታለማምድ ማሰብ አልቻልንም።

የመጀመሪያው ዝናብ የሰኔን አፈር ሲመታው አባቴ ባሕሩን ወደ መስታወቱ መለሰውና ገንዳውን ወደ በሩ አስጠጋው። ትንሽ ገርጥቶ ነበር፤ ግን ይዋኛል። «ይኸው፣ ክረምት አየ!» ብሎ እስከ አያ ጌጡ ቤት ድረስ ጮኸ። እናቴ አልሄደችም። ባሕሩ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደኖረ ጨርሶ አላስታውስም።

ዛሬ እኔ የምኖረው ጎንደር ነው። ልጆቼ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ያድራሉ፤ ውሃው ቢሞቅ ማቀዝቀዣ አለ፤ በቤቴ አንድን ነገር ለማኖር ክንዱ እስኪዝል የሚያራግብ ልጅ የለም። ይህ ምቾት ያስመሰግናል፤ አንዳንዴ ግን የጎደለብኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እናቴ ግን እዚያው መተማ ናት፤ በየሚያዝያው ደውዬ ወደ እኛ እንድትመጣ እለምናታለሁ፣ በየሚያዝያውም እምቢ ትለኛለች። ዘንድሮ ስደውል ለዓመታት ያብሰለሰለኝን ጠየቅኋት፤ ከሞተ መናኸሪያ ፈልጉኝ ማለቷ እውነት ነው ወይስ የእኔ ፈጠራ?

«ብዬ ይሆናል» አለች። «ቢሞትም ግን አልሄድም ነበር። አባትህን ለማን ትቼ?»

«ታዲያ ያኔ ብትነግሪን ምን ነበረበት? በፍርሃት ልንሞት ነበር እኮ!»

ስትስቅ ሰማኋት።

«ብነግራችሁማ፣ ማን ያራግብልኝ ነበር?»