ሁለተኛው ጆይስቲክ

ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሥር ካርቶን ስጎትት ጆይስቲኩ ወለሉ ላይ ወደቀ። አነሳሁትና ክቧን ቁልፍ ተጫንኳት፤ ገባችና እዚያው ቀረች። ቆይታ፣ እንዳኮረፈ ሰው፣ ቀስ ብላ ተመለሰች። አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁት። ሰም ሰም ይላል፣ ትንሽም ጭስ ጭስ። በአልኮል ጥርግ ባደርገው በአንድ አፍታ ይለቅ ነበር። አላደርገውም፣ ማንም እንዲያደርገውም አልፈቅድም። አየሽ፣ በዚህ ነገር ላይ ጠባዬ ክፉ ነው።

ሰቆጣ ያደግኩበት ቤት፣ ማለቴ ይሄው አሁንም ያለሁበት ቤት፣ ጓሮው ሙሉ ቀፎ ነበር። አባቴ እርሻ ውለው ሲመጡ እህል ከመቅመሳቸው በፊት ንቦቹን ነበር የሚጎበኙት። ሰው ሁሉ አንቱ የሚላቸው፣ እኛ ልጆቻቸውም አንቱ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ሲቆጡ በአማርኛ፣ ደስ ሲላቸው በኽምጣንጋ ነው የሚናገሩት። እናም በንቦቹ ምክንያት እኛ ቤት ልጅ አይመጣም ነበር። አንድ ክረምት የጎረቤት ልጅ ዓይኑ አብጦ ከተመለሰ ወዲህ፣ የትኛዋም እናት ልጇን ወደ እኛ አልላከችም። እኔን ሲፈልጉኝ ከአጥር ውጭ ቆመው ይጠሩኛል፤ ከዚያ ደግሞ መጥራቱንም ተዉት። የቀረኝ ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነበር። እሱም ያኔ የመጨረሻ ክፍል ደርሶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ አንድ ነገር ሦስቴ ካልጠየቁት የማይመልስ ጎረምሳ ሆኖ ነበር።

አባቴ ከቀፎዎቹ ሁለቱን «የልጆቹ» ብለው ለይተውልን ነበር። ማሩ ሁልጊዜ ደብተርና ጫማ ሆኖ ያልቃል። በዚያ ዓመት ግን ዝናቡ መልካም ነበር፤ አበባው እስከ ጥቅምት አልረገፈም። አባቴም ጠርተው አስቀመጡንና «ዘንድሮ የወደዳችሁትን ግዙበት፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አሉን። «ግን አንድ ነገር ብቻ። ሁለታችሁም የተስማማችሁበት። እስክትስማሙ ቀፎውን አልከፍተውም።» ይህን ያሉት ለጨዋታ አይደለም። ቤት ውስጥ ጠብ ካለ አባቴ ቀፎ አይነኩም ነበር፤ ንቦቹ ያውቃሉ ብለው ነው የሚያምኑት።

እኛም ተጣላን።

ወንድሜ ላፕቶፕ ፈለገ። ያውም ዝም ብሎ ላፕቶፕ አይደለም፤ ከባድ ከባድ ጌም የሚችል፣ ቁልፎቹ ሥር መብራት የሚበራ፣ አንድ ዘመዳችን ወልድያ ያየለትን። እኔ ደግሞ ጌም ቤት ያለውን ዓይነት፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካውን፣ ባለ ሁለት ጆይስቲኩን ነው የፈለግኩት። ጌም ቤት ሴት ልጅ አይገባም ነበር። የከለከለ የለም፣ ግን በቃ አይገባም። ወንድሜን ለምሳ ልጠራው ስሄድ በር ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ሁለት ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ የስክሪኑ መብራት ፊታቸው ላይ አረንጓዴ ሆኖ፣ አንዱ ግብ ሲያገባ ሌላውን በክርኑ ጎኑን ይጎሽመዋል። እኔን የማረከኝ ጌሙ አልነበረም፤ መጎሸሙ ነው። የሚጎሽመኝ ሰው አማረኝ።

ይህን ደግሞ ለማን ይነግሩታል? ስለዚህ ሌላ ሌላ ምክንያት ደረደርኩ። ጌሙ ቶሎ አይበላሽም አልኩ። ዓይን አይጎዳም አልኩ። ወንድሜ ሁሉንም አፈረሰብኝ። «ላፕቶፕ ጌምም ነው፣ ትምህርትም ነው፣ ፊልምም ነው። ያንቺው ጌም ብቻ ነው!» እውነቱን ነበር፣ ምን ይደረግ።

«ላፕቶፕ እኮ ለብቻ ነው የሚጫወቱት» አልኩት።

«እና?»

«እና እኔስ?»

«አንቺማ ታያለሽ።»

ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነበር። ላፕቶፕ ይታጠፋል፤ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ወንድሜም በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገቢ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን የእናቴ ነው፤ ባለ ትልቅ ቂጡ፣ ዳንቴል የለበሰ፣ ከቦታው ንቅንቅ የማይል። ጌሙ ከቴሌቪዥኑ ጋር ከተሰካ፣ ወንድሜም ከጌሙ ጋር ተሰክቶ የሚቀር መሰለኝ። የልጅ ነገር! ግን ያኔ ከልቤ አምኜበት ነበር፤ ሌት ተቀን ስለቴም ጸሎቴም እሱ ነበር።

ቀናት አለፉ። ጓሮው ማር ማር መሽተት ጀመረ፤ ሁለቱ ቀፎዎቻችን ብቻ ሳይቆረጡ ቀሩ። እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ። «ንቦቹ መልሰው ሊበሉት ነው! ሁለት ግትር ወልጄ ልሙት እንዴ?» ትላለች። አባቴ ቀፎዎቹን አልፈው ወደ እርሻቸው ይሄዳሉ። እኔና ወንድሜም በአንድ ትሪ እየበላን አንነጋገርም።

አንድ ከሰዓት ደጃፍ ተቀምጬ ብቻዬን ጠጠር እጫወታለሁ። በአንድ እጄ የኔን ተራ፣ በሌላው የማትኖረውን ጓደኛዬን ተራ። ወንድሜ ከትምህርት ቤት መጥቶ አጥሩ ጋ ቆሞ ኖሯል፤ ለካ ብዙ ቆይቷል። አልፎኝ ሊገባ ሲል፣ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወጣ፣

«ጌሙ ይሁን» አለ።

«ለምን?»

«ይሁን አልኩሽ እኮ! ምን ትመረምሪኛለሽ?»

ያሸነፍኩት መስሎኝ ጮቤ ረገጥኩ። አባቴ በዚያው ዕለት ጀንበር ስትጠልቅ ጭሳቸውን ይዘው ወደ ቀፎዎቹ ወረዱ።

ያ ዓመት፣ ምን ልበልሽ፣ የሕይወቴ ዓመት ነበር። ሲሞቅ የሚሸተው የላስቲክ ሽታ፣ የጌሙ ማራገቢያ ሽውታ፣ የወንድሜ ጉልበት ከጉልበቴ ጋር። ሲያገባብኝ ይጎሽመኛል፤ ሳገባበት ደግሞ ብሶ ይጎሽመኛል። ጎኔ እስኪበልዝ! አንድም ቀን አመመኝ አላልኩም።

ከዚያ ጥቅምት መጣና ወንድሜ ገና ሳይነጋ ከመናኸሪያ ተሳፈረ። ቴሌቪዥኑ ቀረ፣ ጌሙ ቀረ፣ ሁለቱ ጆይስቲኮች ቀሩ። የተሰካው ሁሉ እንደተሰካ ነው። ስከፍተው ሁለተኛው ተጫዋች ቁልፍ እንዲጫን ይጠይቅና ይጠብቃል። እኔው በሌላ እጄ እጫንለታለሁ። ራሴን በራሴ ብዙ ጊዜ አሸነፍኩ። ምንም አይጥምም፤ የሚጎሽም የለማ።

አንድ ምሽት አባቴ ከቀፎ ሥር መጡ። እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ወንድሜ ይቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ ተቀመጡ።

«የቱ ነው የሱ?» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ጫጩት እንደያዘ ሰው በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙት።

«አባባ፣ ይቺን ክቧን ሲጫኗት ይመታል።»

«ማንን?»

«ኳሱን!»

መቱት። ዞረው በገዛ በራቸው ላይ አገቡት። «አባባ፣ በራስዎ ላይ እኮ ነው ያገቡት!» ብላቸው፣ «ያው ገባ አይደለም እንዴ?» ብለው ሳቁና በኽምጣንጋ አንድ ነገር ጨመሩ። እንግዲህ ደስ ብሏቸዋል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። በዐቢይ ጾም ጌሙን በነጠላ ሸፍነው ያስቀምጡታል፤ ሲፈሰክ ራሳቸው ይገልጡታል። መብራት ሲጠፋም አይነሱም፣ «ይመጣል» ብለው ጆይስቲካቸውን እንደያዙ ጨለማው ውስጥ ይቀመጣሉ። አልጎሸሙኝም፤ አንቱ የሚባል ሰው እንዴት ብሎ ይጎሽማል? ግን ግብ ሲገባ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ እኔ ገፋ ያደርጉት ነበር። «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» አሉኝ አንዴ፤ «ሽማግሌ ጌም ጀመረ ብሎ ይስቅብኛል።» አልነገርኩትም።

አባቴ ካረፉ ዓመት አልሞላቸውም። ወንድሜ ለተዝካራቸው ከሐዋሳ መጣ። ጎልማሳ ሆኗል፤ ላፕቶፕም አለው፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት። እንግዳው ሁሉ ተሸኝቶ ቤቱ ጭር ሲል፣ «ያ ጌም አለ እንዴ?» አለኝ። አወጣሁት። ቴሌቪዥኑም፣ ደግነቱ፣ ያው የእናቴ ነው። ሰካነው። ወንድሜ የድሮ ቦታውን፣ የድሮ ጆይስቲኩን ያዘ።

«ይሄ ቁልፍ ምን ነክቶት ነው? ይጣበቃል። ቆይ ልጥረገው።»

«አትንካው!»

ደንግጦ አየኝ። ጆይስቲኩን አገላብጦ አየ፤ ከዚያ አሸተተው።

«አባባ ናቸው?»

«አዎ። ጎበዝ ግን አልነበሩም።»

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እጁን አንስቶ፣ ስክሪኑን እያየ፣ «ያኔ ላፕቶፑን ብንገዛ ይዤው ነበር የምሄደው» አለ። «አንቺ ምን ይቀርሽ ነበር? ጠጠሩ ነው? አውቄ ነው የተውኩልሽ።»

እኔ ጨዋታውን አስጀመርኩ። እሱ ግን በዚያ ጆይስቲክ አልተጫወተም። ተነስቶ የአባቴ የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀመጠውና ጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። በአንዱ ጆይስቲክ ተራ በተራ፣ ሁለታችን በአንድ ወገን ሆነን ተጫወትን። ሳገባ በክርኑ ጎሸመኝ። አይ ክርን! ያው እንደ ድሮው ነው፣ ለሰው አያዝንም።

በማግስቱ ሄደ። እናቴንም ጉልበቷን ላሳክማት ብሎ ይዟት ሄደ። ቀፎዎቹ ግማሾቹ ባዶ ናቸው፤ በቀሩት ንቦች ምክንያት ማንም አይመጣም፣ እኔም ማንንም አልጠራም። ክርኑ ያረፈበት ጎኔ ሰንበት ብሎም ያመኝ ነበር። ሲተወኝ ከፋኝ።