ዱቄት የበላው ማጣሪያ

መካነ ሰላም ላይ ሞተር ሳስነሳ ወረኢሉ ያሉ ዶሮዎች ይበረግጋሉ እያልኩ የማወራ መካኒክ ነኝ። በዚህ አፌ ብዙ ሰው አስቄያለሁ። አንዲት እናት ግን ይህንኑ አፌን አምነው ወፍጯቸውን አጡ።

ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው ያችን የናፍጣ ወፍጮ ብቻ ነበር። አንድ ሰሞን ጉልበት አነሳት። ገብስ ሲጨመርባት ታቃስታለች፣ ጭሷም ጠቁሯል። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በልጧል ማለት ነው። እኛ አገር ደግሞ ደጋ ስለሆነ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የአየር ማጣሪያዋን ከፍቶ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ግን ማጣሪያ ሲያራግፍ የተጨበጨበለት መካኒክ አላውቅም። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ወረፋቸውን ትተው ከበው ሲያዩኝ ጊዜ የፓምፑን ብሎን ፈታ አድርጌ ናፍጣ ጨመርኩላት።

«አብሽሩ እናቴ! አሁን ተራራውን ራሱ ቢያመጡላት ትፈጨዋለች!»

«ጭሷ ባሰሳ ልጄ?»

«ጠግባ ነዋ! የጠገበ አያገሳም እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ።

ሦስት ቀን እውነትም እንደ ጉድ ፈጨች። በአራተኛው ቀን ጸጥ አለች። ብፈታት ፒስተኑ ቀልጦ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ማጣሪያዋን ያኔ ከፈትኩት፤ የዱቄት ብናኝ እንደ ቂጣ ተጋግሮበታል። ለካ የራባት አየር ነበር፤ እኔ የጨመርኩላት ናፍጣ አግሎ አቀለጣት። የእሳቸውን ኮቴ ስሰማ ማጣሪያውን ቱታዬ ውስጥ ወሸቅሁት።

«ምን ሆና ነው?»

«እርጅና ነው እናቴ።»

«እኔ ነኝ ያስጨነቅኋት። ወረፋው ሲበዛ ሳላሳርፋት አስፈጨሁ። አንተንም በከንቱ አደከምኩህ፣ አውፍ በለኝ።»

እኔም ይቅርታቸውን ተቀብዬ «ምንም አይደል» አልኳቸው። ያን የሚል አፍ ከየት እንዳመጣሁ እስካሁን አላውቅም።

ዘንድሮ የሌላ ሰው ወፍጮ ጉልበት አንሶት ልጠግን ስሄድ፣ እኚያን እናት ወረፋ ይዘው የገብስ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባለ ወፍጮዋን ጠርተው፣

«ይህን ልጅ እመኚው። የኔዋን እስከ መጨረሻዋ ታግሎላታል» አሏት።

ብሎን አልነካሁም። ማጣሪያውን ፈትቼ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር እየመታሁ ሳራግፈው ዱቄቱ እግራቸው ሥር ተከመረ። መልሼ ገጥሜ ሳስነሳው ጭሱ ጠራ፣ ሞተሩም ጉልበቱ ተመለሰ። እሳቸው ዱቄቱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«የኔዋም እንዲህ ኖራለች?»

አፌ ቀልድ ፈለገ፣ አጣ።

«አዎ እናቴ። እርጅና አልነበረም። የገደልኳት እኔ ነኝ።»

ተራቸው ደርሶ ተነሱ። ጆንያውን ላነሳላቸው ጎንበስ ስል፣

«ተወው፤ እኔው እችላለሁ» ብለው ራሳቸው እየጎተቱ ገቡ።