የሌሉ ስብሰባዎች ጸሐፊ

ሸዋሮቢት ላይ በሥራ አስኪያጅ ረዳትነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከሁሉ አስበልጬ የተካንኩት ያልነበረ ስብሰባ መጻፍ ነው። ደብዳቤ አዘጋጃለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ኢሜይል ለይቼ አቀርባለሁ፤ እጄ የተፍታታው ግን በዚህኛው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያን ጊዜ ግን ኮርቼበት ነበር፣ ይህን መካድ አልችልም።

መሥሪያ ቤታችን የአንድ የመስኖ ፕሮጀክት ቅርንጫፍ ነው። በይፋት ቆላ ቦይ ይሠራል፣ የሠራውን ይጠግናል ተብሎ የተቋቋመ። አለቃዬ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። በደብዳቤና በኢሜይል ስንት ዓመት ሙሉ "እሳቸው" ስለው ኖሬያለሁ፤ እዚህ ላይ እንኳን ይብቃኝ። ሸዋሮቢትን በሙቀቷ ምክንያት ይጠላት ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ከክፍሉ ንቅንቅ አይልም፤ በግቢው ውስጥ የሚሠራው ብቸኛ ማቀዝቀዣ ያለው እዚያ ነዋ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ መኪና አስነስቶ ነፋሻ አየር ፍለጋ ደብረ ሲና ይወጣል። እኔ "የመስክ ጉብኝት" ብዬ እመዘግባለሁ። ደብረ ሲና ላይ እኛ የቆፈርነው አንድም ቦይ የለም።

የጋራ ካላንደር የሚባለው ነገር የመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። አንድ ጠዋት በኢሜይል መመሪያ ደረሰን። የስድስቱም ቅርንጫፎች ሥራ አስኪያጆች ውሎ ሁሉም ሰው በሚያየው አንድ ካላንደር ላይ ይሰፍራል፤ የተያዘ ሰዓት ቀይ፣ ክፍት ሰዓት ነጭ ይሆናል፤ የመሙላቱ ኃላፊነት የረዳቶች ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ማን መቼ እንደሚገኝ ከታወቀ ባለጉዳይ አይጉላላም ተብሎ ነው። አለቃዬ ግን ካላንደሩን ከፍቶ መጀመሪያ የታየው ሌላ ነገር ነበር። የሌሎቹ ሳምንት ቀይ ነው፣ የሱ ሳምንት ነጭ ነው። ጠራኝና ይህ ነጭ ነገር ሥራ ፈት እያስመሰለኝ ነው፣ በአስቸኳይ ሙዪው አለኝ። በምን ልሙላው ብዬ ብጠይቀው፣ ስብሰባ ጠፋና ነው ወይ ብሎ ተቆጣ።

ሞላሁት። መጀመሪያ ላይ "ስብሰባ" ብቻ እያልኩ እጽፍ ነበር፤ አልወደደውም፣ ክብደት የለውም አለ። እኔም ክብደት መስጠት ጀመርኩ። "የቅንጅታዊ አሠራር ማጠናከሪያ መድረክ" አልኩ። "የትኩረት አቅጣጫዎች ልየታ" አልኩ። ከዚያ አንዱን የሌለ ስብሰባ ሦስት ማድረግ እንደሚቻል ደረስኩበት፦ ሰኞ ቅድመ ውይይቱ፣ ረቡዕ ውይይቱ፣ ዓርብ የውይይቱ ግምገማ። በሁለተኛው ወር ከዋናው መሥሪያ ቤት ለታየው የተጠናከረ የሥራ እንቅስቃሴ ምስጋና በኢሜይል መጣ፤ አለቃዬ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። የሌሎቹ ቅርንጫፎች ረዳቶችም እየደወሉ ርዕስ ያበድሩኝ ጀመር ብል ውሸት ነው፤ ተበዳሪዎቹ እነሱ ነበሩ። እኔም እንደ ባለሙያ እየተግደረደርኩ አበድራቸው ነበር።

ሽማግሌው የመጡት በዚህ መሐል ነው። ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ካለ የቀወት መንደር፣ ገበሬዎቹ የመረጧቸው የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት የመስኖውን ተራ የሚይዝ ሰው ነው። ሃምሳ ሦስት አባወራ፣ ቀንና ሌሊት፣ የማን ማሳ በየትኛው ሰዓት ውሃ እንደሚያገኝ ሁሉም በእሳቸው ራስ ውስጥ ነው። ሐዘን የገባበት ቤት ተራው ለጎረቤት ይተላለፋል፣ በኋላ ይመለስለታል። በረመዳን የጾመኛው ተራ ከማፍጠሪያው ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ያሸጋሽጉታል፤ ክርስቲያኑ በማርያም ቀን አፈር አይነካም፣ የሱንም ያሸጋሽጉታል። አንድ ጊዜ ለመፈተን ያህል የሚመጣው ማክሰኞ የማን ነው ብያቸው፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ስምንት ሰው ከነሰዓቱ ጠሩልኝ። እኛ ስድስት ቅርንጫፍ ሆነን፣ በስድስት ኮምፒውተር፣ የአንድ ሰው ሰኞ የት እንደሚውል በትክክል የምናውቅ አልነበርንም።

ጉዳያቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። ደጋ ላይ ዘንቦ የወረደ ጎርፍ ፕሮጀክታችን የሠራውን የቦይ መዝጊያ የብረት በር አጣሞታል፤ በሩ ካልተዘጋ ውሃው ወደ ታች ይነጉዳል እንጂ ወደ ላይኛው ቦይ አይወጣም። ላይኛው ቦይ ላይ ያለው ሽንኩርት ደግሞ ራስ መያዝ ጀምሯል፣ ከእንግዲህ ያለ ውሃ የሚታገሠው አሥር ቀን ነው። በድንጋይና በቅጠል ደፍነውት ነበር፣ ውሃው ጠራርጎ ወሰደው። በሩን ራሳቸው እንዳይነኩ የፕሮጀክት ንብረት ነው ተብለዋል። በያጁ እኛ ግቢ ውስጥ ነው፣ መበየጃውና ጄነሬተሩም እዚያው። ከግቢ እንዲወጡ የሚያስፈልገው የአለቃዬ አንድ ፊርማ ነው።

እኔም ስብሰባ ላይ ናቸው አልኳቸው። ይህን ስል ከበሩ ጀርባ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚያስተላልፍ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ አለቃዬ ስልኩን ቀንሶ የመስማት ልማድ አልነበረውም። ሽማግሌው ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ። የስልክ ስብሰባ ነው አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። አመስግነውኝ ሄዱ።

ጉዳዩን በኢሜይል አቀረብኩ። በአራት እርምጃ ርቀት ላይ ላለ ሰው ኢሜይል መላክ የእኛ ቤት ሥልጣኔ ነው። "ተመልክቻለሁ" ብሎ መለሰ፣ ለቴክኒክ ክፍሉም በግልባጭ አደረገው። የቴክኒክ ክፍሉ ጉዳዩ ንብረት ክፍልን ይመለከታል ብሎ ለንብረት ክፍል ግልባጭ አደረገ። የንብረት ክፍሉ ለመረጃው አመሰገነ። ከዚያ ሁሉም ለሁሉም ማመስገን ጀመረ። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብቼ ለምን እርስዎ አይፈርሙም ብዬ ብጠይቀው ውክልና አልተሰጠኝም አለ፣ ይህንንም በኢሜይል አረጋገጠልኝ። በአምስተኛው ቀን ሃያ ሦስት መልእክት ተከማችቶ ነበር፤ በያጁ ይሂድ የሚል ግን አንድም የለም። ሽማግሌው በእነዚህ ቀናት ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል፣ ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ መልስ ከእኔው አፍ ሰምተዋል።

ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡ ጫማቸው ላይ ያለውን አቧራ አይቼ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ያን ጊዜ በደንብ አልለየሁትም። ብቻ አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ አለቃዬ የሚገኝበት ስብሰባ ርዕሱ ረጅም የሆነና የበላይ ሰው የተጋበዘበት ብቻ ነው፣ ውስጡን አያነብም። ለማግስቱ ጠዋት ሽማግሌውን በካላንደሩ ላይ እንዲህ ብዬ አስገባኋቸው፦ "የመስኖ መሠረተ ልማት ዘላቂነትና የባለድርሻ አካላት ሚና የምክክር መድረክ"። ከዋናው መሥሪያ ቤት ዳይሬክተሩን ጋበዝኩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ እገኛለሁ የሚል መልስ መጣ፤ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። አለቃዬም ይህን ሲያይ ሙሉ ልብሱን እንዲተኩሱለት ላከ።

ያላሰብኩት ነገር ባነር ነበር። የአስተዳደር ኃላፊው ርዕሱን ከካላንደሩ ላይ ገልብጦ በአንድ ሌሊት አሠርቶ ሰቀለው። ጠዋት ስገባ የአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውሃ በሰልፍ ተደርድሯል፣ በየሳህኑ ቆሎ አለ፣ ዳይሬክተሩ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ከአዲስ አበባ በንጋት ተነሥቶ ደርሷል፣ የእኛም የክፍል ኃላፊዎች ተሰይመዋል። ባለድርሻ አካላት የተባሉት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ባነሩን ትክ ብለው ያዩታል።

አለቃዬ የመክፈቻ ንግግር አደረገ። ዳይሬክተሩ የሥራ መመሪያ ሰጠ። የቴክኒክ ክፍሉ ስለ ውሃ ጠቀሜታ ገለጻ አቀረበ፣ ሽማግሌውም እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከሻይ በኋላ ለባለድርሻ አካላት አምስት ደቂቃ ተሰጠ። እሳቸው ግማሹን እንኳን አልፈለጉትም።

"በሩ ተጣሟል፣ በያጁ እዚህ ግቢ ነው፤ የቀረው አንድ ፊርማ ነው" አሉ። "ሽንኩርቱ ኢንሻአላህ አራት ቀን ይቆየኛል።"

ተጨበጨበላቸው። ዳይሬክተሩ ወደ አለቃዬ ዞሮ እስከዛሬ ለምን አልተፈረመም አለው። ልቤ ደስታ ሊጀምረው ነበር። አለቃዬ ግን ሳይደነግጥ የጊዜ መጣበብ ነው አለና ካላንደሩን ግድግዳው ላይ እንዳሳይ አዘዘኝ። ፕሮጀክተሩ ሲበራ ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ ሆነ። ዳይሬክተሩ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ፤ ጫናው ይታያል፣ ይታያል አለ። እኔ የጻፍኩትን ልብ ወለድ አንብቦ አዘነለት።

ከዚያ ነገሩ በተደራጀ መንገድ ይፈጸም ተባለ። ከቴክኒክ፣ ከንብረት፣ ከዋናው መሥሪያ ቤትና ከአጎራባች ቅርንጫፍ የተውጣጣ ኮሚቴ በሩን በቦታው አይቶ ይወስናል፤ አለቃዬም ሰብሳቢ ይሆናል። ሁሉም አባላት ክፍት የሆኑበትን የመጀመሪያ ቀን ፈልጊ አሉኝ። ፈለግሁ። ነገ ቀይ ነው፣ ከነገ ወዲያ ቀይ ነው። የእኛ ነጭ ሲሆን የአጎራባቹ ቀይ ነው፣ እሱም ርዕሱ ከእኔ የተወሰደ ነበር። ስድስታችን ረዳቶች ቁጭ ብለን የሠራነው አጥር ዞሮ እኔኑ አጠረኝ። የመጀመሪያው ነጭ ቀን የተገኘው ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ቀኑን ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

"እስቲ ደግመሽ እዪልኝ፣ ልጄ።"

ደግሜ አየሁ። የነገው ጠዋት "የትስስር ማጎልበቻ መርሐ ግብር" ይላል። ማክሰኞ ዕለት ሻይ እየጠጣሁ የጻፍኩት ነው። በአንድ ጣት ሊጠፋ ይችላል። ከሱ ቀጥሎ ያለውም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። አንድ ቃል ብናገር፣ ይህ ሁሉ ባዶ ነው ብል፣ ዳይሬክተሩ ፊት በሩ በማግስቱ ይበየድ ነበር። አለቃዬ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም።

"በነዚህ ቀኖች ሁሉ ስብሰባ አለ?" አሉኝ ሽማግሌው።

"አለ፣ አባባ" አልኳቸው።

እንጀራዬን ፈራሁ። ሌላ ምክንያት ልፈልግለት ብዬ ዓመታት አስቤ አላገኘሁም። አለቃዬን በፈሪነቱና በስንፍናው ስንቀው ኖሬ፣ በዚያች ደቂቃ ከሱ የተሻልኩት በምኑም አልነበረም። እሱ ቢያንስ ሽማግሌውን ዓይን ዓይናቸውን እያየ አልዋሻቸውም፣ የሚዋሽለት ሰው ቀጥሯል። ሽማግሌው አላህ ይስጥሽ ብለው ዱላቸውን አነሡ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ለቡድን ፎቶግራፍ ባነሩ ሥር መሐል ላይ አቆሟቸው። ፎቶው በኢሜይል ለሁላችንም ተልኮ ሁላችንም አመሰገንን።

ኮሚቴው በቀጠሮው ቀን ሄደ። ብየዳው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ሪፖርቱን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ በነበረ አንድ የገበያ ቀን ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ማዳበሪያ አንጥፋ የተቀመጠች አንዲት ሴት ፊቷ የከመረችው ሽንኩርት ከአውራ ጣቴ ራስ አይበልጥም። ምነው እንዲህ ጫጨ አልኳት። እንደማታውቀኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

"ላይኛው ቦይ ውሃ ተቋርጦብን ነው፣ እህቴ" አለች፣ ሚዛኑን እያስተካከለች። "የውሃ አባታችን ቢሮ ድረስ ተመላልሰው ነበር። እነሱም ስብሰባ በዝቶባቸው ኖሯል፣ ምን ያርጉ፣ እነሱስ ሰው አይደሉ። አንዲት ጸሐፊ ግን አላህ ይስጣትና ሁለቴ ደጋግማ አየችልኝ ብለውናል።"

ሁለት ኪሎ መዘነችልኝ፤ ከላዩም አንድ እፍኝ መረቀችልኝ።