ባለ ጓንቱ ሹፌር

ማደያ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ የእሽቅድምድም ጓንት አጥልቋል፤ መኪናው ግን ጭስ የምትተፋ አሮጌ የቤት መኪና ናት። "እኔ የምቀዳው ኢታኖል የበዛበትን ቤንዚን ነው፤ ጉልበቱ ሌላ ነው!" እያለ ላልጠየቀው ሁሉ ይደነፋል።

"የእርስዎ ሞተር ለእሱ አልተሠራም እኮ" አልኩት።

"አንተ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቃለህ?"

ቀድቶ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ አንገራግራ ጸጥ አለች። ወሬ መኪና የሚነዳ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሰው አገር ባቋረጠ ነበር። ከኋላ ወንበር የሐኪም ቤት ፌስታል ያቀፉ አሮጊት አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ዛሬም ቀጠሮዬ ሊያልፍ ነው?"

"ልግፋልዎ?" ብዬ ስጠጋ ገላመጠኝና ትከሻውን ከበሩ አስደግፎ ብቻውን ይገፋ ጀመር።

"አይዞሽ እማዬ፣ አደርስሻለሁ" ሲላቸው ግን ያ ሁሉ ድንፋታ ከድምፁ ጠፍቶ ነበር።